ስልሳ ተማሪ፣ አንድ ጠመኔ፦ ያለ ስክሪን ክፍልን ንቁ ማድረግ

ሰሞኑን ስለ ትምህርት የሚወራው ሁሉ ስለ ታብሌት፣ ስለ ስማርት ክላስ፣ ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ነው። ይወራ፤ ክፋት የለውም። ሰሜን ሸዋ ውስጥ መንዝ ወይም መርሐቤቴ የሚያስተምር መምህር እጅ ላይ ያለው ግን ጠመኔ ነው። ፊቱ ያሉት ደግሞ አንድ ዴስክ ላይ ሦስት ሦስት ሆነው የተጣበቡ ልጆች ናቸው። መብራት ይኖራል፣ አይኖርም። ኔትወርክማ ባይነሣ ይሻላል። ይህ መምህር «የትኛው አፕ ይሻለኛል?» አይልም። የሱ ጥያቄ «እነዚህን ልጆች ለ40 ደቂቃ እንዴት ከእኔ ጋር ላቆያቸው?» ነው።

መልሱን ባጭሩ ላስቀምጥና ወደ ዝርዝሩ እንግባ። ክፍልን ንቁ የሚያደርገው ዕቃ አይደለም። በአንድ ክፍለ ጊዜ ውስጥ እያንዳንዱ ልጅ ስንቴ ራሱ አስቦ መልስ እንዲሰጥ ተገደደ? ዋናው ይሄ ነው። ሁሌ እጅ የሚያወጡት ሁለት ጎበዞች ሳይሆኑ እያንዳንዱ ልጅ። ስክሪን ይህን ካደረገ ይጠቅማል። ካላደረገ የግድግዳ ጌጥ ነው።

ፕላዝማ ያሳየን

ለዚህ ማስረጃ ፍለጋ ሩቅ አንሄድም። ከ1997 ዓ.ም. ወዲህ ሁለተኛ ደረጃ የተማረ ሰው ፕላዝማን አይረሳም። ትምህርቱ በሳተላይት ይመጣል። የክፍለ ጊዜውን አብዛኛውን ደቂቃ የሚወስደው ቴሌቪዥኑ ነው። የክፍሉ መምህር መጀመሪያ ላይ ትንሽ ያስተዋውቃል፣ መጨረሻ ላይ ትንሽ ያጠቃልላል። መሃሉን ጥግ ይዞ ይቆማል።

ጥቅም አልነበረውም አልልም። ቤተ ሙከራ በሌለበት ትምህርት ቤት የኬሚስትሪ ሙከራን በዓይን ማየት ትልቅ ነገር ነው። ችግሩ ሌላ ነበር። ቴሌቪዥኑ ይጠይቃል፤ ጊዜ ይሰጣል፤ ጊዜው ሲያልቅ ክፍሉ ገባውም አልገባውም ይቀጥላል። እንግሊዝኛው ይፈጥናል። «እስቲ ይደገምልን» ማለት የለም። መብራት ሲሄድ ትምህርቱም አብሮ ይሄዳል። ዘመናዊ መሣሪያ ፊት ተቀምጦ በደንብ ማንቀላፋት እንደሚቻል ያየነው ያኔ ነው።

አዲስ ዕቃ ትኩረት ይስባል፤ ለጥቂት ቀን። ከዚያ በኋላ የሚቀረው ልጁ የሚሠራው ሥራ ነው። ውጭ አገር ተማሪዎች በእጃቸው የያዙትን ትንሽ መሣሪያ ተጭነው መልስ የሚልኩበት አሠራር አለ። ብዙ ተወድሷል። ናታኒየል ላስሪ የተባለ የፊዚክስ መምህር ካናዳ ውስጥ አንዱን ክፍል በዚህ መሣሪያ፣ ሌላውን በካርቶን ካርድ አስተማረ። ዘዴው ያው ነው፤ የተለየው ዕቃው ብቻ። በ2008 እ.ኤ.አ. ያሳተመው ውጤት በሁለቱ ክፍሎች መማር ላይ ይህ ነው የሚባል ልዩነት አላሳየም። ካርቶን ደግሞ የትኛውም ሱቅ ጓሮ አይጠፋም።

«ገባችሁ?» «አዎ ቲቸር!»

ንቁ ክፍል ማለት ጸጥ ያለ ክፍል አይደለም። የሚጮህ ክፍልም አይደለም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው በዚህ በሁለተኛው ነው።

መምህሩ ስለ ደም ዝውውር እያስረዳ ነው እንበል። «ደም ከልብ የሚወጣባቸው ሥሮች ደም ቅ...?» ይላል። ክፍሉ በአንድ ድምፅ «ዳ!» ይላል። «ወደ ልብ የሚመልሱትስ ደም መል...?» «ስ!» ደስ ይላል። ሱፐርቫይዘር ቢገባ «አሳታፊ ነው» ብሎ ጽፎ ይወጣል። ልጆቹ የሞሉት ግን ፊደል ነው እንጂ ሐሳብ አይደለም። ከኋላ የተቀመጠው ልጅ የጎረቤቱን አፍ አይቶ ትንሽ ዘግይቶ ቢከተል ማን ያውቅበታል? «ገባችሁ?» ለሚለውም ጥያቄ በስልሳ ልጅ ፊት ተነሥቶ «አልገባኝም» የሚል ጀግና የለም። ያልገባው ልጅ አብዛኛውን ጊዜ እንዳልገባው ራሱም አያውቅም።

በኅብረት መመለስ ይቅር እያልኩ አይደለም። የማባዣ ሰንጠረዥና የእንግሊዝኛ ቃል አነባበብ በዚህ መንገድ ይለመዳል። የድሮዎቹ የኔታዎች ግን ዘዴው የት ላይ እንደሚያታልል ያውቁ ነበር። ልጁ ሀሁን በዜማ ይዞ ሲያበቃ ወደ አቡጊዳ ያሻግሩታል። ፊደሎቹ ያው ናቸው፤ ቅደም ተከተላቸው ተለውጧል። በጆሮው የሸመደደ እዚህ ይያዛል። በዓይኑ የለየ ያልፋል።

የዛሬ መምህር ሥራም ይኸው ነው። ክፍሉ በአንድ ድምፅ ከመለሰ በኋላ ቅደም ተከተሉን መስበር። «ደም ቅዳ ሲቆረጥ ደሙ ተስፈንጥሮ ይወጣል፤ ደም መልስ ሲቆረጥ ግን ረጋ ብሎ ይፈሳል። ለምን?» ብሎ መጠየቅ። ይህን በአንድ ድምፅ መመለስ አይቻልም።

አንድ ጥያቄ፣ ስልሳ መልስ

የነገሩ ልብ እዚህ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት።

ሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ፊዚክስ የሚያስተምረው ኤሪክ ማዙር ከ1991 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ማብራሪያውን እያቋረጠ መጠየቅ ጀመረ። አካሄዱ ቀላል ነው። ጥያቄ ከነምርጫው ይቀርባል። ሁሉም ለብቻው ያስባል። ሁሉም በአንድ ጊዜ መልሱን ያሳያል። ከዚያ «ጎንህ ያለውን አሳምን» ይባላል። ክርክሩ ሲያበቃ ሁሉም እንደገና መልስ ይሰጣል። መምህሩ የሚያብራራው በመጨረሻ ነው።

ለእኛ ክፍል ጣት ይበቃል። ሀ አንድ ጣት፣ ለ ሁለት፣ ሐ ሦስት፣ መ አራት። ጣቱ ደረት ላይ ተለጥፎ ይወጣል። ወደ ላይ ከተነሣ ኋላ ያለው የፊቱን ልጅ አይቶ ይገለብጣል። መምህሯ «ሦስት፣ ሁለት፣ አንድ» ስትል ሁሉም እኩል ያወጣል። እሷ ከፊት ቆማ በአንድ እይታ ክፍሉ የት እንዳለ ታውቃለች። ወጪ የለውም። ቻርጅ አይፈልግም።

እስቲ ከዚሁ ከሰሜን ሸዋ አንድ ጥያቄ እናውጣ። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ሸዋ ሮቢት 1,300 ሜትር ገደማ። እንግዲህ ለፀሐይ ቀረብ የምትለው ደብረ ብርሃን ናት። ታዲያ ለምን እሷ ትበርዳለች?

ሀ. ንፋስ ስለሚበዛባት።
ለ. ከምድር ወገብ ይበልጥ ስለምትርቅ።
ሐ. ከፍ ያለ ቦታ ላይ አየሩ ስለሚሳሳና ሙቀት ስለማይዝ።
መ. ደመና ፀሐይዋን ስለሚከልልባት።

ትክክሉ ሐ ነው። ትምህርቱ ያለው ግን በሦስቱ ስሕተቶች ውስጥ ነው። ለን የመረጠ ልጅ ካርታ ፊት ይቅረብ። ሸዋ ሮቢት ከደብረ ብርሃን በስተሰሜን ናት፤ ከምድር ወገብ የምትርቀው እሷ ሆና ተገኘች! መን የመረጠውን «ውርጭ ሰብል የሚመታው መቼ ነው?» በሉት። የገበሬ ልጅ ወዲያው ይነግራችኋል፤ ክረምቱ ወጥቶ ሰማዩ ሲጠራ ነው። ደመና የሌለበት ሌሊት ይበርዳል እንጂ አይሞቅም። ሀን የመረጠው ደግሞ ግማሽ እውነት ይዟል። ንፋስ የሰውን ገላ ያቀዘቅዛል። ጥግ የተቀመጠ ቴርሞሜትር ግን ንፋስ የለበትም፤ ያም ሆኖ ደብረ ብርሃን ላይ ዝቅ ብሎ ያነባል። «ለፀሐይ ቅርብ» የሚለውማ ወጥመድ ነው። ፀሐይ ከእኛ 150 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች። ከዚያ ላይ አንድ ሺህ አምስት መቶ ሜትር ምን ቁም ነገር አለው?

ከዚያ ሒሳቡ ይመጣል። ከፍታ በ1,000 ሜትር ሲጨምር ሙቀት በአማካይ 6.5 ዲግሪ ገደማ ይቀንሳል። የሁለቱ ከተሞች ልዩነት 1,500 ሜትር ነው። ስለዚህ 10 ዲግሪ ያህል። «ደብረ ብርሃን ላይ 8 ዲግሪ ከሆነ ሸዋ ሮቢት ስንት ይሆናል?» በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለውን የጣርማበርን ቁልቁለት ወርዶ የሚያውቅ ልጅ ደብረ ሲና ሳይደርስ ጃኬቱን እንዳወለቀ ይናገራል። ያ ልጅ ሁሌ ዝም የሚለው ሊሆን ይችላል።

ጣቶቹ ከወጡ በኋላ ምን ይደረጋል? ማዙርና ተከታዮቹ የሚሠሩበት ልክ ይህ ነው። በትክክል የመለሱት ከ30 በመቶ በታች ከሆኑ ክርክሩ አይጠቅምም፤ የማያውቅ የማያውቀውን ነው የሚያሳምነው። ተመለሱና እንደገና አስረዱ። ከ70 በመቶ በላይ ከሆኑ ባጭሩ አብራርታችሁ እለፉ። በመካከል ከሆኑ አከራክሩ። ስልሳ ልጅ ካለ 18 እና 42 ማለት ነው። በዓይን ግምት ይበቃል፤ አንድ በአንድ መቁጠር አያስፈልግም።

ጥሩ ምርጫ ከየት ይገኛል? ካረማችሁት የፈተና ወረቀት። ብዙ ልጅ የጻፈው የተሳሳተ መልስ ወርቅ ነው። «ከ1/3 እና ከ1/4 የቱ ይበልጣል?» ሲባል ግማሹ ክፍል 1/4 ካለ፣ ልጆቹ የሚያዩት 4 ከ3 መብለጡን ነው። ያንን መልስ ምርጫ አድርጋችሁ አስገቡት። ከጭንቅላት የተፈበረከ ሞኛሞኝ ምርጫ ማንንም አያከራክርም።

እዚህ ላይ የራሴን ሐሳብ ልጨምር። በየትምህርት ቤቱ ፔዳጎጂካል ሴንተር የሚባል ክፍል አለ። ብዙ ቦታ በካርቶንና በማዳበሪያ ከረጢት የተሠሩ መርጃ መሣሪያዎች ይደረደሩበታል፤ እንግዳ ሲመጣ ይከፈታል። ሥራው ተንቆ አይደለም። ቀኑን ሙሉ ከክፍል ክፍል የሚዞር መምህር ለያንዳንዱ ርዕስ ዕቃ ሊሠራ አይችልም። ለአንድ ክፍለ ጊዜ አንድ ጥሩ ጥያቄ ግን ሊያዘጋጅ ይችላል። ሌሰን ፕላኑ ጠርዝ ላይ ይጻፋታል፤ ለከርሞም ታገለግላለች።

ሦስት ሰከንድ ዝም

ሜሪ በድ ሮው የተባሉ አሜሪካዊት ተመራማሪ የክፍል ውስጥ ንግግር በቴፕ እየቀዱ አጠኑ። መምህራን ከጠየቁ በኋላ መልስ የሚጠብቁት በአማካይ አንድ ሰከንድ ገደማ ብቻ ሆኖ አገኙት። ከዚያ ወይ ሌላ ልጅ ይጠራሉ፣ ወይ ጥያቄውን ይደግሙታል፣ ወይ ራሳቸው ይመልሱታል። ወደ ሦስት ሰከንድና ከዚያ በላይ ሲያራዝሙት ብዙ ነገር ተለወጠ። መልሶቹ ረዘሙ። «አላውቅም» ቀነሰ። ደካማ ተብለው የተተዉ ልጆች መናገር ጀመሩ። ተማሪዎች ራሳቸው መጠየቅ አበዙ።

ሦስት ሰከንድ ትንሽ ትመስላለች። ስልሳ ልጅ ፊት ቆማችሁ ሞክሯት፤ ዓመት ነው የምትሆነው። ጠመኔውን አስቀምጦ ወደ መስኮት ሁለት እርምጃ መሄድ ይረዳል። ሮው ሁለተኛ ዝምታም እንዳለ ያሳያሉ፤ ልጁ መልሶ ካበቃ በኋላ የምትሆነው። «ጎበዝ! አጨብጭቡለት» ብለን ካልቸኮልን ልጁ ራሱ «ምክንያቱም...» ብሎ ይቀጥላል። እኛ አገር ጭብጨባ በጣም ይፈጥናል።

የስም ጣሳ

እጅ ያወጣን ብቻ መጥራት ማለት ትምህርቱን ለአምስት ልጆች መስጠት ማለት ነው። የቀሩት ይህን ያውቃሉ። እጄን ካላወጣሁ አልጠራም፤ ካልተጠራሁ ባላስብም ችግር የለም። ልጅ አይሞኝም።

ስለዚህ ስማቸውን በቁራጭ ወረቀት ጽፎ የወተት ጣሳ ውስጥ መክተት። ዕጣ ነው፤ ማንም ማንንም አያማርርም። እጅ ማውጣት የሚያፍሩ ልጃገረዶችም ተራ ይደርሳቸዋል። ቅደም ተከተሉ ግን ወሳኝ ነው። መጀመሪያ ጥያቄው። ከዚያ ዝምታው። ከዚያ ከጎናቸው ካለው ጋር አንድ ደቂቃ ይነጋገሩ። ስሙ የሚወጣው መጨረሻ ላይ ነው። ስሙን አስቀድሞ የጠራ መምህር የቀሩትን ሃምሳ ዘጠኝ ልጆች አሰናብቷቸዋል። የወጣው ስም ወደ ጣሳው ይመለስ። ካልተመለሰ የተጠራው ልጅ ቀኑን ሙሉ አርፎ ይተኛል።

«አላውቅም» ቢልስ? አይወቀስ፤ አይለቀቅም ግን። ሁለት ሌሎች ልጆች ይመልሱና መምህሩ ወደ እሱ ይመለሳል። «እሺ፣ አሁን የሰማኸውን በራስህ አባባል ንገረን።» ይህ ሲለመድ «አላውቅም» ማምለጫ መሆኑ ይቀራል። ጣሳው ለቅጣት ከዋለ ግን ነገሩ ተበላሸ። ያልሰማ ልጅን ለማዋረድ የሚነሣ ጣሳ ክፍሉን በፍርሃት ነው የሚያነቃው። የፈራ ልጅ ደግሞ የሚያስበው ስለ ፍርሃቱ ነው።

ደብተር ዝጉ

ክፍለ ጊዜው ሲጀመር አምስት ደቂቃ። «ደብተር ዝጉ። ትናንት ከተማርነው ሦስት ነገር ጻፉ።» አይታረምም፣ ማርክ የለውም። ከዚያ ደብተር ተከፍቶ እያንዳንዱ የራሱን ያርማል።

ቀላል ይመስላል። ከነዚህ ዘዴዎች ሁሉ ጠንካራ ማስረጃ ያለው ግን ይኸኛው ሳይሆን አይቀርም። ሄንሪ ሮዲገርና ጄፍሪ ካርፒኪ በ2006 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ሙከራ እንዲህ ነበር። ተማሪዎች ሁለት ጽሑፎች አነበቡ። አንዱን ደግመው አነበቡት። ከሌላው ግን ጽሑፉን ሳያዩ ያስታወሱትን ጻፉ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ ደግመው ያነበቡት በለጠ፤ 81 በመቶ ለ75። ከሳምንት በኋላ ግን ተገለበጠ። ሳያዩ ከጻፉት 56 በመቶ፣ ደግመው ካነበቡት 42 በመቶ አስታወሱ።

ይህ ብዙ የቤት ጥናት ለምን ከንቱ እንደሚሆን ያስረዳል። ልጁ ደብተሩን አምስት ጊዜ ያነባል። ሲያነበው ሁሉ ነገር የሚያውቀው ይመስለዋል፤ ፊደሉን ለምዶታልና። ፈተና ላይ ደብተሩ የለም። ከራሱ ማውጣትን ደግሞ አልተለማመደም። ቅኔ ቤት የገባ ተማሪ ግን የሌላውን ቅኔ እየሰማ ብቻ አይቀመጥም። ከሁለት ቤቷ ጉባኤ ቃና ጀምሮ በየደረጃው የራሱን ቆጥሮ ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩ ያርመዋል። ለማውጣት የተገደደ አእምሮ ይይዛል።

ኖቱስ?

መምህሩ ሰሌዳውን ይሞላል፣ ልጆቹ ይገለብጣሉ፣ ሰሌዳው ይጠፋል፣ እንደገና ይሞላል። በዚህ መሳቅ ቀላል ነው። ግን አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ከመጣ ወዲህ መጽሐፍ ለሁሉም እኩል አልደረሰም። ለብዙ ልጅ ያለው መጽሐፍ ደብተሩ ነው። ኖት ካልጻፈ ምን ሊያጠና ነው?

ስለዚህ ኖቱ ይኑር፤ ባዶ ቦታ ግን ይኑረው። «ውሃ ወደ ተን ሲለወጥ ሙቀት ______፤ ምክንያቱም ______።» ልጆቹ እየገለበጡ ይሞላሉ። ባዶው ቁልፍ ቃል ላይ ይሁን እንጂ «እና» ላይ አይሁን። ሌላው መንገድ ማሳጠር ነው። አንድ ገጽ ከማስገልበጥ አንድ አንቀጽ በቃል ተናግሮ «በሁለት ዓረፍተ ነገር ጻፉት» ማለት። መጀመሪያ ይጨነቃሉ። ይለምዱታል።

አንድ ለአምስት

የቡድን ሥራ ስሙ የጠፋው በደህና ምክንያት ነው። አንዷ ትሠራለች፣ አራቱ ስማቸውን ያስጽፋሉ። ልጆቹ ሰንፈው ብቻ አይደለም። ሥራው የተሰጠው አንድ ሰው ብቻውን ሊጨርሰው በሚችል መልክ ስለሆነ ነው።

ኤሊየት አሮንሰን በ1971 እ.ኤ.አ. ኦስቲን ቴክሳስ ውስጥ ይህን የሚፈታ መላ አመጣ። ያኔ ጥቁርና ነጭ ተማሪዎች ገና አንድ ክፍል መማር ጀምረው፣ ፀቡ አይሎ ነበር። ትምህርቱን ቆራረጠና ለያንዳንዱ የቡድን አባል ሌላው የሌለውን ቁራጭ ሰጠ። አሁን ሁሉም ሁሉን ይፈልጋል። ዝም ያለውን ልጅ መናቅ ቀረና «ቀስ ብለህ ንገረን» ማለት መጣ።

የአገራችን የአየር ጠባይ ቀጠናዎች አምስት ናቸው፦ ውርጭ፣ ደጋ፣ ወይና ደጋ፣ ቆላ፣ በረሃ። ለአምስት ልጆች የተሠሩ ይመስላሉ። ሰሌዳውን አምስት ቦታ ክፈሉት። አንደኛ የተባለው ልጅ የመጀመሪያውን ክፍል ብቻ ይገልብጥ፣ ሁለተኛው ሁለተኛውን። አምስት ደቂቃ ሲሞላ ሰሌዳው ይጥፋ። ከዚህ በኋላ ስለ ውርጭ የሚያውቅ በቡድኑ ውስጥ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ የመንዝ ጓሳን ለሌሎቹ ማስረዳት የሱ ፋንታ ነው። ደጋው ደብረ ብርሃንን ይያዝ፣ ቆላው ሸዋ ሮቢትን፣ በረሃው ደግሞ ወደ አፋር ዝቅ ይበል። መጨረሻ ላይ ሁሉም ለብቻው ስለ አምስቱም ይጠየቅ። ይህ የመጨረሻው ካልታከለ ነገሩ ወደ ጨዋታ ይለወጣል።

ለዚህ ዴስክ ማንቀሳቀስ አያስፈልግም። ዴስክ ሲጎተት አሥር ደቂቃ ይሄዳል፤ የጎረቤት ክፍል መምህርም ይቆጣል። የፊተኛው ረድፍ ወደ ኋላ ይዙር፤ ሦስትና ሦስት ስድስት ይሆናል። ስድስተኛው ሰዓት ያዥና ጠያቂ ይሁን።

ዘዴ የማይፈታው

ቁርስ ያልበላ ልጅ በጣት አይነቃም። ጨለማ ላይ ተነሥቶ ገደል ወጥቶ የመጣ ልጅ ከሦስተኛው ክፍለ ጊዜ በኋላ ቢደክመው አይፈረድበትም። የገበያ ቀን ሲደርስ ክፍሉ ይሳሳል። ይህን ሁሉ ለመምህሩ ጫንቃ መስጠት ግፍ ነው። በብርዱ ግን ትንሽ ነገር ማድረግ ይቻላል። ጠዋት እጁን ብብቱ ውስጥ የከተተ ልጅ አይጽፍም። «የተስማማ ወደ መስኮቱ፣ ያልተስማማ ወደ በሩ» ብሎ ማስነሣት ሁለት ደቂቃ ነው። ደምም ይዘዋወራል፣ መልስም ይታያል።

ቋንቋውም አለ። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ሲሆን ዝምታው ይበረታል። ሰነፍ ሆነው አይደለም፤ ሐሳቡ አለ፣ ቃሉ የለም። እኔ እንደሚመስለኝ ጥንድ ሆነው ሲነጋገሩ በአማርኛ ይነጋገሩ። ለክፍሉ ሲመልሱ በእንግሊዝኛ ይመልሱ። በእንግሊዝኛ ካልሆነ አታስቡ ብሎ ማስጨነቅ ሁለቱንም ያሳጣል።

ከመምህራን ሁሌ የሚመጣው ጥያቄ «ሲላበሱስ?» የሚል ነው። እውነት ነው፤ አንድ ጥያቄ ከነክርክሩ ስምንት ደቂቃ ሊወስድ ይችላል። ግን በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ምክንያቱ ብዙ ነው፤ ጣትና ጣሳ ይፈታዋል ብዬ አልዋሽም። ምዕራፍ መሸፈንና ልጁ መማሩ አንድ እንዳልሆኑ ግን ያሳያል። በ2014 እ.ኤ.አ. እነ ስኮት ፍሪማን በዩኒቨርሲቲ የሳይንስና የሒሳብ ትምህርት ላይ የተሠሩ 225 ጥናቶችን አንድ ላይ አዩ። መምህሩ ብቻ በሚናገርበት ክፍል ያሉ ተማሪዎች የመውደቅ ዕድላቸው በሚሳተፉበት ክፍል ካሉት አንድ ተኩል እጥፍ ነበር።

ባለፉት ዓመታት በጸጥታ ችግር ትምህርት በተቆራረጠባቸው ወረዳዎች ደግሞ ሌላ ጉዳይ ይቀድማል። አንድ ክፍል ውስጥ አቀላጥፎ የሚያነብና ቃል ማንበብ ያቃተው ልጅ አብረው ይቀመጣሉ። ሁለቱንም የሚያነቃ አንድ ጥያቄ ማግኘት ይከብዳል። ሕንድ ውስጥ ፕራታም የተባለው ድርጅት ለዚህ የሚሠራበት መንገድ አለ። ከቀኑ የተወሰነውን ሰዓት ልጆቹን በክፍል ደረጃቸው ሳይሆን አሁን በሚችሉት ልክ መድቦ ማስተማር። መለያውም ቀላል ነው። ልጁ ፊደል፣ ቃል፣ አንቀጽ፣ አጭር ታሪክ በተራ እንዲያነብ ይደረጋል፤ የቆመበት ምድቡ ነው። አንድ ገጽ ወረቀትና ለአንድ ልጅ ጥቂት ደቂቃ ይበቃል። 4ኛ ክፍል ሆኖ ቃል ላይ የቆመ ልጅ ካለ ጣቱም ጣሳውም ለእሱ ገና ነው። መጀመሪያ ከቃል ወደ አንቀጽ የሚያሻግረው ሰዓት በፕሮግራሙ ላይ ይያዝለት።